ከዐለቱ አፋፍ የቆመው ሰው

ላሊበላ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይወጣም፣ ይወረዳል። ስለዚህ ቅዳሴ ያልገባ ሰው መደበቂያ የለውም። ከዐለቱ አፋፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ጣሪያ እያየ ይቆማል፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ከታች ሽቅብ የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ባሌ እዚያ መቆም የጀመረው የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነበር። እኔ ከመውረጃው ደጅ ጧፍ እሸጥ ስለነበር ከጀርባዬ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዞሬ ግን አላየሁትም።

ጧፍ ሻጭ ብዙ ትሰማለች። ሰም ስናቀልጥ፣ ፈትል ስንነክር፣ ከደጅ ተደርድረን ስንቀመጥ ሥራው እጃችንን እንጂ አፋችንን አይዝም። የንስሐ አባት የሰማውን አይናገርም፤ የሰጠው ቀኖና ግን በአደባባይ ይታያል። ማን ከቁርባን እንደራቀ፣ ማን ከውጭ ቆሞ እንደሚያስቀድስ፣ የማን ግንባር ከስግደት ብዛት እንደተላጠ ሁሉም ያያል። እኛም ከቀኖናው ተነሥተን ኃጢአቱን እንገምታለን። ይቺ ጾም ሽራ ነው፣ ይኸ ከሰው ሚስት ጋር ተኝቶ ነው፣ ያኛው ድንበር ገፍቶ ነው እንላለን። እኔም ስንቱን እንዲህ አድርጌ ፈትቼዋለሁ፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ።

የባሌ ግን አልፈታ አላቸው። እኛ በቁርባን የተጋባን ነን፤ አብረን ወርደን፣ አብረን ቆርበን ነው የኖርነው። አሁን እኔ ብቻዬን መውረድ ጀመርኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው መበለት ጥቂት ከታገሠች በኋላ "ሰውየው ምን ሁኖ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ራሱን እያመመው መሆኑን ነገርኳት። ለጊዜው ተወችኝ፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧፏን ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

እኔ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ባሌ ወፍጮ ጠራቢ ነበር። ከከተማው በታች፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ከሚወስደው መንገድ ዘቅዘቅ ብሎ ባለ ገደል ውስጥ ድንጋይ ይፈነቅልና ወፍጮና መጅ ያወጣል። ሥራውን የሚገዛው ከቆላው፣ ከመኪና መንገዱ ዳር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው ጭኖ የሚመጣ አንድ እስላም ነጋዴ ነው። ጨዉን ገበያ ያራግፍና በበቅሎዎቹ ወፍጮ ጭኖ ይወርዳል። ማደሪያው እኛ ቤት ነበር። የእኛን ሥጋ ስለማይበላ ለእሱ ብቻ የማበስልበት ድስት ነበረኝ፤ ሌላ ሰው በዚያ ድስት እንዳይበላ አጥቤ ለብቻው እሰቅለዋለሁ። በወሎ እንዲህ ያለ እንግዳ የሌለው ቤት ማግኘት ነው የሚያስቸግረው፣ ስለዚህ ማንም ምንም አላለም።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ወደ ገደሉ ወረድኩ። ነጋዴው የባሌ ጭን ላይ ራሱን አስደግፎ ተኝቷል። ባሌ ከፀጉሩ ውስጥ የድንጋይ ፍንጣሪ እየለቀመ ነበር። በአምስት ዓመት ትዳራችን አንድም ቀን እንደዚያ ባለ ፊት አይቶኝ አያውቅም። ሌላም ነገር አየሁ፤ እሱን አልጽፈውም። ምሳውን እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ብቻዬን በላሁት።

ግብረ ሰዶም የሚለውን ቃል የማውቀው ከስብከት ነው። እሳት ከሰማይ የወረደባቸው ሰዎች የሠሩት ነው ይባላል። በስብከቱ ውስጥ ሰዎቹ ፊት አልነበራቸውም። የእኔ ሰው ግን ፊት ነበረው፣ ድንጋይ የበላው እጅ ነበረው፣ ጎረቤት ሳይነሣ በማለዳ ውኃ እየቀዳ ያመጣልኝ ነበር። ተናደድኩ። ቀናሁ። ሴት ብትሆን ኖሮ ገበያ መሐል ነጠላዋን እገፍፋት ነበር፤ በእሱ ላይ ግን ምን እንደሚደረግ የነገረኝ ሰው የለም። ለባሌም ማየቴን አልነገርኩትም፤ እሱ ግን ምሳው ሳይደርሰው፣ ማታ ባዶውን ምሳ ዕቃ ቤት አይቶ ገባው።

ከዚያ በኋላ ነው ሕግ መጠየቅ የጀመረው። መሮውን የሚስልለት ከወንዙ ማዶ የሚኖር ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበር፣ ከቤተ እስራኤል። ያኔ ሰዉ በሌላ ስም ነበር የሚጠራቸው። እነሱም አይነኩንም፣ እኛም አንነካቸውም፤ ባሌ መሮውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ሽማግሌው ከመሬት ያነሡታል። እኔ በዚያ ቀን ሰም ማቅለጫ ሸክላ ልገዛ ከሚስቲቱ ዘንድ ስለነበርኩ ሰማሁት። ባሌ አንድ የሩቅ አገር ሰው ያጋጠመው አስመስሎ፣ ወንድ ከወንድ ጋር ቢተኛ በእናንተ ሕግ ምን ይሆናል አላቸው። ሽማግሌው ወናፉን አቆሙ።

"በኦሪት ሁለቱም ይሞታሉ" አሉ። "ግን ሁለት ሰው በዓይኔ አየሁ ብሎ ሳይቆም ድንጋይ የሚያነሣ የለም።"

ሽማግሌው መሮውን አገላብጠው አዩና፣ ለዚያ ለሩቅ አገር ሰው አፉን ይያዝ ብለህ ንገርልኝ አሉት። ሌላ ምንም ሳይሉ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዓመት በኋላ እነሱም ቤታቸውን ጥለው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ ደርሰው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ነጋዴውም በበኩሉ ከአገሩ ሼህ ዘንድ ሄዶ፣ እሱም እንዲሁ ስለሌላ ሰው አስመስሎ ጠይቆ ነበር። መልሱን ቆይቶ ለባሌ ሲነግረው ከጓዳ ሰማሁ። ሼሁ ነገሩ ከከባድ ኃጢአት ከባድ መሆኑን፣ ሞት የሚፈርዱ ሊቃውንት መኖራቸውን ነግረውታል። ነገር ግን በዓይናቸው ያዩ አራት የታመኑ ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ያለ ምስክር አፉን የከፈተ ሰው ራሱ ይገረፋል፤ የተሸፈነውን መግለጥም ሌላ ኃጢአት ነው ብለውታል። በዚያ አገር አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በዚህ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ቃል ሆኑ። እኔም ጓዳ ተቀምጬ አራት ምስክር፣ ሁለት ምስክር እያልኩ አሰብኩ። አንድ ምስክር ብቻ ነበር፣ እሱም እኔ ነበርኩ።

የቀረው የእኛ ሕግ ነበር። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ ለንስሐ አባት መናገር ግድ ነው፣ የሩቅ አገር ሰው ማለት አይቻልም። ባሌ የሄደው ከነአኩቶ ለአብ ንግሥ በኋላ ነው።

በንግሡ ዕለት ከተማው ሁሉ ወደ ዋሻው ገዳም ነው የወጣው። እኔም ጧፌን ይዤ ሄድኩ። ባሌ እግሬን አመመኝ ብሎ ቀረ፤ ከነጋዴው ጋር ወደ ገደሉ እንደሚሄድ ባውቅም አልጠየቅሁትም። ያን ዕለት ከሰዓት ስንመለስ አንድ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ከመንገዱ በታች፣ ከባሌ የድንጋይ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ ሞቶ ተገኘ። ጠመንጃው የለም። በልጉ ሳይይዝ የቀረበት፣ ወጣቱ ለውትድርና እየታፈሰ የሚወሰድበት ዘመን ነበር፤ ሟቹም ስንቱን እናት ልጇን ከጓዳ እየጎተተ የወሰደባት ሰው ነው። ያም ሆኖ የሰው ልጅ ነበርና እናቱ ስትጮህ አብሬ አለቀስኩ። አንዱ ወንበዴ ገደለው አለ፣ ሌላው የአገር ሰው ነው አለ። ከተማው ውስጥ የማያስፈራ ድምፅ ጠፋ፤ መኪና ሲመጣ ሁሉም በር ይዘጋል።

ባሌ አፋፉ ላይ መቆም የጀመረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው።

ለልደት ሰዉ ከየአገሩ ጎረፈ፣ ድርቁ እንኳ አላስቀረውም። በልደት ቀን ላሊበላ ላይ ሆኖ የማይወርድ የለም። ባሌ አልወረደም። ካህናቱ ከግንቡ ላይ ሲዘምሩ እሱ ከወዲያኛው አፋፍ ቆሞ ያለቅስ ነበር፣ ያም ሁሉ ሕዝብ አየው። ያን ጊዜ ከጎኔ የምትቀመጠው መበለት ፈታችው። ደም ነው አለች። እንደዚህ ያለ ቀኖና ያለ ደም አይሰጥም፣ ያን አብዮት ጠባቂ የበላው እሱ ነው አለች። ነገሩ እስከ ጥምቀት ድረስ ገበያውን አዳረሰው።

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ይገርመኛል። ወንዶቹ መንገድ ይለቁለት ጀመር። ልጇ የታፈሰባት አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው። ባሌ ግን ምን እንደተባለ ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ፣ ማታ እህል አልበላም። አንዴ እንደዚያ ከተባለ እውነቱን ሳይናገር ማስተባበል እንደማይችል ሁለታችንም ገብቶናል፤ ግን አልተነጋገርንበትም።

ወዲያው ካድሬው መጣ። ሃይማኖት የድሮ ማደንዘዣ ነው እያለ ሰብስቦ የሚያስተምረን ሰው ነው፤ ባሌን ሲይዘው ግን የያዘው በንስሐ ቀኖና ነው። ከድሮው የእህል ጎተራ አስገብቶ ቆለፈበት። የንስሐ አባታችንን አስጠርቶ ይህ ሰው ምን ነገረህ አላቸው። አባ በንስሐ የሰማሁትን ብናገር ክህነቴ ይፈርሳል ብለው ዝም አሉ። ጥምጣማቸውን ገፎ እሳቸውንም አሳደራቸው። ሲፈቱ ያለ ጥምጣም በከተማው መሐል ሲሄዱ አየኋቸው፤ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሰዉ ግን ዝምታቸውን ደም ነው ብሎ ቆጠረው።

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ባልሽ በንግሡ ዕለት የት ነበር አለኝ። እቤት ነበር፣ እግሩን አሞት ተኝቶ ነበር አልኩ። አንቺስ የት ነበርሽ አለኝ፣ ገዳሙ ደጅ ጧፍ ስሸጥ ከተማው ሁሉ አይቶኛል፣ ልዋሽ አልችልም። ታዲያ እቤት መሆኑን በምን አወቅሽ ብሎ ሳቀ። ጎረቤት በሩ ተዘግቶ ማየቱን ነግሮታል። ከዚያ ሳቁን ተወና ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

"ደም ካልሆነ ታዲያ ምን ሠርቶ ነው የቆመው?" አለኝ።

ይህቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው፣ ባሌን ከሰው መግደል ነጻ የሚያወጣውም ይኸው መልስ ብቻ ነው። ምስክር ነኝ ማለት እችል ነበር። ካድሬው ግን ሁለት አይልም፣ አራት አይልም፤ ለእሱ አንድ ወሬ ይበቃዋል። መልሱን ብሰጠው ባሌ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ይጠፋል፣ ከተማውም ዛሬ መንገድ የለቀቀለትን ሰው ነገ በድንጋይ ይወግረዋል። አላውቅም አልኩ።

ቅዳሜ ነጋዴው መጣ። በቅሎዎቹን ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ ቤቴ ነው የመጣው። ከደጅ ቆሞ ጥምጣሙን እያፍተለተለ፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለኝ።

"ወላሂ እናገራለሁ፣ እህቴ። ያን ቀን ከእኔ ጋር ነበር እላለሁ።"

"ምን ስትሠሩ ይሉሃል?"

"ወፍጮ ሲጭንልኝ።"

"በንግሥ ቀን ድንጋይ የሚነካ ክርስቲያን የት ታውቃለህ?" አልኩት። "አንተ በወንበዴ አገር እያቋረጥክ የምትነግድ ሰው ነህ፣ አብረው ገደሉት ይላሉ። አይ፣ አልገደልንም ካልክ ደግሞ፣ ታዲያ ለምን ከአፋፉ ቆመ ይሉሃል። ከዚያ እሱን ያያሉ፣ አንተን ያያሉ።"

በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። ጢሙ ሽበት የጀመረ ትልቅ ሰው፣ ጥምጣሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት። ልጠላው ፈለግሁ፤ ስንት ወር ሙሉ ስጠላው ኖሬ በዚያች ሰዓት አቃተኝ። ጓዳ ገብቼ የእሱን ድስት አወረድኩና ሰጠሁት። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትደር፣ ገበያም አትምጣ አልኩት። ድስቱን ከጨዉ ጭነት ላይ አስሮ ሄደ።

በማግሥቱ ለባሌ ምሳ ወሰድኩ። ጠባቂው ልጅ ጎረቤታችን ስለነበር ፊቱን አዙሮ እንድንነጋገር ተወን። ነጋዴው ሊመሰክር መጥቶ እንደነበር፣ እንደመለስኩት ነገርኩት። ደግ አደረግሽ አለኝ። ከዚያ፣ እስከዚያ ቀን ደፍሬ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅሁት።

"አባ ምን አሉህ?"

"ግባ ነው ያሉኝ።"

በትክክል የሰማሁ አልመስል አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት።

"እተዋለሁ በል፣ ስግደቱን በቤትህ፣ ማንም ሳያይህ ትፈጽመዋለህ፣ ለልደት ከሚስትህ ጋር ትወርዳለህ አሉኝ። እሳቸው አይደሉም ያቆሙኝ። ራሴ ነኝ የቆምኩት።"

"ታዲያ እተዋለሁ አትልም ነበር?"

"አልተውኩትማ። በመስቀሉ ፊት፣ በሥጋ ወደሙ ፊት መዋሸት አቃተኝ።"

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ገደሉ ውስጥ ሳያቸው እንኳ አልተናደድኩም። አንዲት ቃል ነበረች። ስንቱ ሌባ፣ ስንቱ አመንዝራ በየዓመቱ እተዋለሁ እያለ ሲወርድ ጧፍ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። የእኔ ባል ብቻ እውነተኛ ሊሆን ከዐለት ላይ ቆሞ ራሱን ለወሬ ሰጠ። ይህንን ሁሉ አልኩት። አልቆጣኝም፣ እንጀራውን እየቆረሰ አዳመጠኝ።

"እዚህስ?" አልኩት። "እዚህም እንዲሁ ልትሆን ነው?"

"እዚህ እዋሻለሁ" አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በነጋታው ነው። ጠዋት ካድሬውን አስጠርቶ እኔ ነኝ የገደልኩት አለው። ጠመንጃውን ለወንበዴ ሰጠሁት አለ፣ ያንንም ብቻዬን አደረግሁት አለ። ከዚያ ወዲያ ባሌ ለምን ከአፋፍ እንደቆመ የጠየቀ ሰው የለም። በላንድሮቨር ጭነው ወደ ወልዲያ ወሰዱት። መኪናው ጧፍ ከምንሸጥበት ደጅ ሲያልፍ ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ፤ እኔ ብቻ መነሣት አቅቶኝ ተቀመጥኩ።

ክረምት ሳይገባ ጋቢውን መለሱልኝ። ሌላ ምንም አልተነገረኝም፣ መቃብሩንም አላሳዩኝም። ፍትሐት ይደረግለት ብዬ ለመጠየቅ እየፈራሁ ሳለሁ አባ ራሳቸው ወደ ቤቴ መጡ። በጋቢው ላይ ሙሉውን ፍትሐት ደገሙለት፣ አንድም ሳያጎድሉ። ሲጨርሱ፣ ልጄ ሆይ፣ በርቺ አሉኝና ወጡ። የሚያስቡትን አልነገሩኝም፣ እኔም የማውቀውን አልነገርኳቸውም፤ የምናውቀው ግን አንድ ነገር ነው።

የሟቹ ወንድሞች ደግሞ የባሌን ታናሽ ወንድም ለመበቀል መንገድ መጠበቅ ጀምረው ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ ተቀመጠ። እንደ አገሩ ልማድ ካህንም ሼህም ነበሩበት፣ ከቆላውም የጨው ነጋዴዎች ለዱዓው ተጠርተው መጡ። ለደም ሥርዓት አለው፤ ሁሉም ምን እንደሚባል፣ ማን የት እንደሚቆም ያውቃል። በሬ የተረፈው ሰው ስላልነበረ የእርቁ አጥንት የተሰበረው በከሳ በግ ነው። እኔ በባሌ ፈንታ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ ከሟቹ እናት ፊት ቆምኩ። አልገደለም ብል ኖሮ ያቺ ጥያቄ እንደገና ትነሣ ነበር።

እናቲቱ ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረደችልኝ። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

"ባልሽን ይቅር ብየዋለሁ" አለችኝ። "እግዜርም ይቅር ይበለው።"

አባ አሜን አሉ፣ ሕዝቡም አሜን አለ። ቀና ስል ከእስላሞቹ ወገን፣ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ነጋዴውን አየሁት። የሰጠሁት ድስት ከእግሩ አጠገብ ነበር። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ እንኳ ሳያወርድ፣ እያለቀሰ አሚን፣ አሚን ይል ነበር። ከጎኔ የቆመችው መበለት አይታው፣ ይኸ እስላም እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ወፍጮ ለሸጠለት ክርስቲያን እንዲህ ያለቅሳል አለችኝ። አዎ፣ ደግ ሰው ነው አልኳት።